ዲግሪው ግድግዳ ላይ፣ ሰውየው አዲስ አበባ

ቢሮ በምንላት ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ዲግሪ ተሰቅሎ ነበር። ኮፒ ነው፤ ግን መስታወት ያለው ፍሬም አስገብተንለታል። ዘርፉ የምግብ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ነው። ባለቤቱን በአካል ያየሁት አራት ጊዜ ነው። አንዴ ውል ስንፈራረም፣ ሦስቴ ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ። በቀረው ጊዜ ሰውየው አዲስ አበባ ነው፤ ወረቀቱ እኛ ጋ በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

ይህን መጻፍ ደስ አይልም። ግን ስለ ሥራ አጥ ምሩቃን በተወራ ቁጥር የምሰማው የልጆቹን ወገን ነው፤ ወይ ደግሞ የመንግሥትን። እንደ እኔ ያለ፣ ገጠር ቀመስ ከተማ ውስጥ አሥራ ምናምን ሰው ይዞ የሚፍጨረጨር ቀጣሪ ምን እንደሚያደርግ ማንም አይጠይቅም። እስቲ ሳልጠየቅ ልናገር።

ያለነው ከቡታጅራ ብዙ የማትርቅ ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። የማረቆ በርበሬ የሚባለው የሚበቅለው በዚሁ አካባቢ ነው። እናቴ ሥራውን የጀመረችው ሁለት ለቃሚ ሴቶች፣ አንድ ሸራና አንድ ሙቀጫ ይዛ ነው። ዛሬ የራሳችን ወፍጮ አለን። አሥራ አራት ሠራተኛ አለን። በመንግሥት አከፋፈል እስከ 5 ሰው የሚያሠራ “ጥቃቅን”፣ ከ6 እስከ 30 የሚያሠራ ደግሞ “አነስተኛ” ይባላል። “ከጥቃቅን ወጥተናል” ስላት እናቴ “መጀመሪያስ ማን አስገባን? ቁንጫ ነን እንዴ?” አለችኝ።

ሥራው ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ዛላው ይገዛል፣ ይለቀማል፣ ይቀነጠሳል፣ ሸራ ላይ ይሰጣል፣ ይደቆሳል። ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ይታሻል፤ እንደገና ይሰጣል፤ ከኮረሪማውና ከአዝሙዱ ጋር ይፈጫል። መከራው ያለው እርጥበቱ ላይ ነው። ክብደት እንዲያነሳ ማታ ማታ ዛላው ላይ ውሃ የሚረጭ ነጋዴ አለ። እርጥብ በርበሬ ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ሲከርም ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊተው ይችላል። ይህ መርዝ ተፈጨ ብሎ አይጠፋም፤ ድስት ውስጥ ተቁላላ ብሎም አይጠፋም።

ጀርመን አገር የሐበሻ ሱቅ ያላት ደንበኛችን አንድ ቀን ደወለችና “ያለ ላብራቶሪ ወረቀት ከእንግዲህ አልቀበልም” አለች። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ ያስቀመጠው የአፍላቶክሲን ጣሪያ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህን ለእናቴ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በዚያው ሰሞን የብቃት ማረጋገጫ ልናወጣ ስንሄድ ደግሞ “የምግብ ባለሙያችሁ የታለ?” ተባልን። ባለሙያ የለንም። ያለችን እናቴ ናት።

እናቴ አራተኛ ክፍል ነው ያቆመችው። የሷ ተረት “የተማረ ይግደለኝ” ነው። እኔንም በዚህ ተረት ነው አዲስ አበባ ድረስ ልካ ያስተማረችኝ። “በል የተማረ ሰው ቅጠር” አለችኝ፤ ቀላል ነገር እንደ ማዘዝ።

2014 መስከረም ላይ ነው ማስታወቂያ ያወጣሁት። ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። ዜሮ ዓመት፣ ደመወዝ በስምምነት። “ዜሮ ዓመት” የሚለውን ቃል ያየ ምሩቅ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። በሁለት ቀን ውስጥ ስልኬ በሲቪ ተጥለቀለቀ። አንድ በአንድ መደወል ጀመርኩ። ድምፃቸው ሲከፈት ደስ ይላል። “አቤት፣ አዎ እኔ ነኝ፣ እሺ ጌታዬ!” ከዚያ “ቦታው የት ነው?” ይላሉ። እነግራቸዋለሁ። ዝም። “ከአዲስ አበባ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?” እነግራቸዋለሁ። “እሺ፣ አስቤበት ልደውል።” አንዷ ብቻ እውነቱን ነገረችኝ። “ወንድሜ፣ ከገጠር ለመውጣት ነው እኮ የተማርኩት” አለች። እኔም ከዚያው ከተማ ለመውጣት ነበር የተማርኩት። የተመለስኩት እናቴ ስለወለደችኝ ነው እንጂ ማስታወቂያ አይቼ አልመጣም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ልጅ እሺ አለ። ከሌላ ዞን ነው። በ4,500 ብር ተስማማን። ጫማው ሳይቆሽሽ ከሚኒባስ ሲወርድ አሁንም ይታየኛል። በጀርባው ቦርሳ፣ በእጁ ደግሞ ፕላስቲክ ፋይል ይዟል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ምን መሰላችሁ? “ዋስ አምጣ” አልኩት። ሁላችንም የምናደርገው ነው። ንብረት ለሚነካ ሠራተኛ ዋስ ይጠየቃል፤ ቢቻል ደመወዙ የሚያስይዝ የመንግሥት ሠራተኛ። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ከመጣ ሁለት ሰዓት ባልሞላው ከተማ ውስጥ፣ ማንን ነው የሚያመጣው? አባቱ ገበሬ ናቸው። ዘመድ የለውም። ሦስት ቀን ሙሉ በስልክ ሲለምን ከረመና በመጨረሻ የእኛው ወፍጮ አንቀሳቃሽ አዘነለትና የወረዳ ሠራተኛ የሆነ የአጎቱን ልጅ አሳመነለት። ያ ልጅ የሚነካው ንብረት የቱ እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም። የእርጥበት መለኪያው ነው እንዳልል ገና አልገዛነውም ነበር።

ቤትም ነበረ። ከተማችን ውስጥ ለብቻው ለሚኖር ወጣት የሚከራይ ቤት ማለት አንድ ክፍል፣ የጋራ ሽንት ቤት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የሚቆለፍ በር ማለት ነው። አከራዮቹ የሚጠይቁት የሥራውን ዓይነት አይደለም። “ሚስት አለችው? ይጠጣል? የማን ልጅ ነው?” ነው። የማን ልጅ ነው ለሚለው መልስ የለንም። ከገበሬው ጋር ሲነጋገርም አስተርጓሚ ይፈልጋል፤ ማረቆኛ አይሰማም። ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠይቅ እንደ እንግዳ ይጨመርበታል።

ያም ሆኖ ልጁ ጎበዝ ነበር። አንድ ቀን ብቻ ልንገራችሁ። ኅዳር ላይ ነው፤ ዛላው በብዛት የሚገባበት ጊዜ። የእርጥበት መለኪያዋን ገና ገዝተን ካርቶኗን ከፍተናል። እናቴ እንደ ልማዷ ከጆንያው መካከል እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ አንድ ዛላ አወጣች። ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። የደረቀ ዛላ ውስጡ ያለው ፍሬ ሻክ ሻክ ይላል። “ደርቋል” አለች። ልጁ ከዚያው ጆንያ ናሙና ወሰደ፤ መለኪያው 11 በመቶ አለ። ጥሩ ነው። ሁለተኛው ጆንያ ላይም ተስማሙ። ሦስተኛው ላይ እናቴ ነቀነቀችና “ደርቋል” አለች። መለኪያው 16 አለ። ተያዩ። ልጁ ጆንያውን ገልብጦ ሸራው ላይ ዘረገፈው። ከላይ ያለው ደረቅ ነው፤ ከሥሩ ያለው ዘንጉ አካባቢ ነጭ ነጭ ብሏል። ነጋዴው አፉን ከፍቶ ቀረ። እናቴ መለኪያዋን አንስታ አገላብጣ አየቻትና “ይቺ ጆሮ የላት፣ በምን ሰማች?” አለች። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። ከመጣ የመጀመሪያ ሳቁ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ያለ ቀን በወር ሁለቴ ሦስቴ ነበረው። በቀሩት ቀናትስ? ባንክ ላክሁት። ገቢዎች ላክሁት። ደረሰኝ አስቆረጥኩት። መኪና ሲመጣ ጆንያ አስቆጠርኩት፤ ጫኝ ሲጎድል አስጫንኩት። እናቴም ሽንኩርት ግዛ ትለዋለች። የሥራ መደቡ “ጥራት ተቆጣጣሪ” ይላል። እውነተኛ መደቡ “ና እስቲ” ነበር። ወፍጮ አንቀሳቃሹ “ዶክተሬ” ይለዋል፤ በፍቅር ይሁን በሽሙጥ ልጁም አላወቀም። አባቱ አንዴ ደውለው ሲያወሩ ሰማሁ። ስፒከር ላይ ነበር፤ ልጁ እጁ በርበሬ ስለነካ። “አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩህ በርበሬ እንድትቀነጥስ ነው?” ልጁ መልስ አልሰጠም። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በርበሬ ቤት ውስጥ የሁሉም ሰው ዓይን ይቀላል፤ ስለዚህ አልጠየቅኩትም።

በስምንተኛው ወር ሄደ። አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ምግብ ፋብሪካ ውስጥ የማታ ፈረቃ አገኘ። ደመወዙ ከእኛ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ የቤት ኪራዩ ሲታሰብ እንዲያውም ያንሳል። ያኔ ተናድጄ ነበር። “ስንት አውጥተን፣ ስንት አሳይተን” እያልኩ ለሰው ሁሉ አወራሁ። የዛሬ ምሩቅ እንዲህ ነው፣ የዛሬ ምሩቅ እንዲያ ነው። እውነቱን ለመናገር ልጁ እኛ ቤት ቢቆይ በአምስተኛው ዓመት ምን ይሆን ነበር? ያው ጥራት ተቆጣጣሪ። ከሱ በላይ እኔ ነኝ፤ ከኔ በላይ እናቴ ናት። የእኛን መሰል ቤት ውስጥ ዕድገት ማለት ከቤተሰቡ አንዷን ማግባት ነው፤ እህቴ ደግሞ ባለትዳር ናት።

በንጉሡ ጊዜ፣ ከ1957 ጀምሮ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ይደረግ ነበር። አብዛኛው ያስተምር ነበር። በደርግም ጊዜ ምሩቅ በምደባ ነው የሚሄደው። እናቴ እዚያች አራተኛ ክፍል ያስተማሯትን መምህር እስከ ዛሬ በስማቸው ታነሳለች። ልጆቹ የሚመጡት ወደው አልነበረም። ግን ሲመጡ ቤት ይፈለግላቸዋል፣ ሰው ያከብራቸዋል፤ ዓመቱ ሲያልቅ የት እንደሚሄዱም ያውቃሉ። ምደባው ይመለስ ማለቴ አይደለም፤ እግዜር ያውጣን። ብቻ ያኔ መንግሥት የሚያደርገውን ዛሬ እኔ በ4,500 ብር እንዲደረግልኝ ስጠብቅ ነበር።

ወደ ግድግዳው ልመለስ። ልጁ ሲሄድ የብቃት ማረጋገጫው መታደሻ ደርሶ ነበር። ሰው ፈለግኩ፤ የለም። አንድ የማውቀው ነጋዴ ሳቀብኝ። “ሰው ምን ያደርግልሃል? ወረቀት ተከራይ” አለኝ። መድኃኒት ቤት ላይ እንዲህ እንደሚደረግ እሰማ ነበር፤ ግንባታ ላይም። ለበርበሬ መኖሩን ግን አላውቅም ነበር። አለ። ሰውየው አዲስ አበባ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ዲግሪውን በወር ይከፈልበታል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነጭ ጋዋን ለብሶ ይቆማል። ክፍያው ከሙሉ ደመወዝ ግማሽ አይሞላም። ቤት አይፈልግም፣ ዋስ አይፈልግም፣ አያኮርፍም፣ ሽንኩርት ግዛ አይባልም። እኔም በሰላም ተኛሁ። ያኔ ነው የገባኝ፤ የምፈልገው ወረቀቱን ነበር። ባለሙያ ቢኖረኝ የማሠራውን ሳላውቅ ነበር ባለሙያ የለም ብዬ የማማርረው።

አሁን ደግሞ ሌላ ሰው አለች።

የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። እናቷ የእኛ ለቃሚ ነበሩ፤ ክረምት ክረምት አብራ ትመጣ ነበር። እሷም የምግብ ሳይንስ ነው የተማረችው። ትምህርቷን ጨረሰች። ግን ከ2015 ጀምሮ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ማለፊያው 50 ነው። እሷ 47 አመጣች። ዲግሪ የለም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያሳለፈቻቸው ዓመታት በሙሉ በወረቀት ሲታዩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው። መልሳ ተፈተነች፤ 48። ቤት ተቀመጠች። ለእናቷ “እስቲ ከምትቆዝም እኛ ጋ ትምጣ” አልኳቸው። ማሸጊያ ላይ አስገባናት፤ በማሸጊያ ደመወዝ።

በሁለተኛው ሳምንት መለኪያዋን ከመሳቢያ አወጣቻት። አቧራ ጠጥታ ባትሪዋ አልቆ ነበር። ማንም አላዘዛትም። አንድ ሉክ ደብተር ገዝታ አሰመረችው። ቀን፣ ጆንያ ቁጥር፣ ነጋዴ፣ የላይ፣ የመሐል፣ የሥር። ሦስት ቦታ ነው የምትለካው። እርሳሱ እንዳይጠፋ በሲባጎ ከደብተሩ ጋር አስራዋለች። ከነጋዴዎቹ ጋር በማረቆኛ ትከራከራለች፤ ሲቆጡባት ትቆጣለች፤ የማን ልጅ እንደሆነች ስለሚያውቁ ይተዋታል። ሦስት ወር ሳይሞላ ውሃ የሚረጩት ሁለት ነጋዴዎች ወደ እኛ መምጣት አቆሙ። ጀርመን የላክነው የመጨረሻ ጭነት ላብራቶሪውን አለፈ። እናቴ ዛላ ትነቀንቅና እሷን ታያለች፤ እሷ መለኪያውን ታያለች፤ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ።

ታዲያ ሂሳቡን እዩት። ሥራውን የምትሠራው ዲግሪ የላትም፤ የማሸጊያ ደመወዝ ትበላለች። ዲግሪ ያለው ሥራውን አይሠራም፤ ከሷ በላይ ይከፈለዋል። በሕጉ በኩል እሱ ባለሙያዬ ነው፤ እሷ አሻጊዬ ናት። አንድ ምሽት ደመወዝ ስሠራ ሁለቱ ስሞች ከላይና ከታች ተጽፈው አየኋቸው። ኤክሴሉን ዘጋሁት። በማግሥቱ ለሰውየው ደወልኩና ውላችን እንዲያበቃ ነገርኩት። “ወንድም፣ ሌላ አታገኝም” አለኝ። ልክ ነው፤ እስካሁን አላገኘሁም። ፍሬሙን አውርጄዋለሁ፤ ምስማሩ አለ። የእድሳቱ ጉዳይ እንደተንጠለጠለ ነው። የማሸጊያ ደመወዟንም ከፍ አደረግኩላት፤ ብዙ አይደለም።

ብዙ ያላደረግኩት ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ካለ ቁጥሩን ላስቀምጥ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድጓል። ይገባቸዋል፤ ኑሮው የሚታይ ነው። ግን የእኔ ተፎካካሪ አሁን ወረዳው ነው። 11,500 ብር ብከፍል በላዩ 11 በመቶ ጡረታ እኔ እጨምራለሁ፤ 1,265 ብር ማለት ነው። ከሠራተኛው ደግሞ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ የሥራ ግብሩ አለ፤ ተማሪው ለተማረበት ለመንግሥት የሚመልሰው ዕዳ፣ የወጪ መጋራቱ፣ አለ። የወጪ መጋራቱ የራሱ ጣጣ አለው። ዕዳው ካልተከፈለ ኦርጅናል ዲግሪው አይሰጥም፤ ልጆቹ የሚዞሩት በጊዜያዊው ወረቀት፣ በቴምፖራሪ ነው። የመጀመሪያው ልጅ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት “ኦርጅናሉን ካላየሁ” ብሎ ሁለት ወር አንከራቶናል። ልጁ ዕዳውን ለመክፈል ሥራ ያስፈልገዋል፤ በሥራው ለመመዝገብ ኦርጅናሉ ያስፈልገዋል። በመጨረሻ አንድ የገባቸው ኃላፊ ፈረሙልን።

ደግሞ የእኛ ገቢ እንደ ወር ደመወዝተኛ አይገባም። በርበሬ ከጥቅምት እስከ ጥር ይጎርፋል፤ ከዚያ እስከ ፋሲካ ይሸጣል፤ ክረምት ላይ ፀሐይ የለም፣ ሸራው ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ለቃሚዎቹ በኪሎ ስለሚከፈላቸው ክረምት ከእርሻቸው ጋር ናቸው። ምሩቅ ግን ሐምሌም ነሐሴም ደመወዝ ይፈልጋል፤ ልክ ነው፤ ሐምሌም ይበላል። ባንክ ሄጄ “ለሠራተኛ ደመወዝ አበድሩኝ” ብል ይስቁብኛል። ለወፍጮ ያበድሩኛል፤ ወፍጮ በዋስትና ይያዛል፤ ሰው አይያዝም።

ሰሞኑን ከሁለት የማውቃቸው ጋር ተነጋገርን። አንዱ የዶሮ መኖ ያቀነባብራል፤ አንዷ የወተት መሰብሰቢያ አላት። ሁለቱም የምግብ ወይም የእንስሳት ባለሙያ ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ሙሉ ደመወዝ አይችሉም። ለሦስታችን አንድ ሰው ብንቀጥርስ? ሰኞና ማክሰኞ እኔ ጋ፣ ረቡዕ መኖ፣ የቀረውን ወተት። ደመወዙን ለሦስት። የወተቷ ሴትዮ ግቢዋ ውስጥ ባዶ ቤት አላት፤ ውሃ አለው፤ በሩ ማታ በሦስት ሰዓት አይቆለፍም። ሐሳቡን ወደድነው። ከዚያ “በማን ስም ይመዘገብ? ጡረታውን ማን ያስገባ?” ሲባል ተጨቃጨቅን። ቡናው ቀዝቅዞ ተለያየን። አልተውነውም፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ቀጠሮ አለን።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ቢሮ መጣች። የመውጫ ፈተናው ለድጋሚ ተፈታኞች ደርሷል፤ አራት ቀን ፈቃድ ትፈልጋለች። የበርበሬው ጊዜ ገና አላለቀም፤ ግቢው በጆንያ ተሞልቷል። “ሂጂ” አልኳት። ካለፈች የማሸጊያ ደመወዝ አልከፍላትም፤ ሳላፍር የምከፍላትን ደግሞ ገና አላገኘሁም። “ብታልፊስ?” አልኳት፤ እንደ ቀልድ። “ካለፍኩ ዲግሪዬን እሰቅልልሃለሁ” አለች፤ በባዶው ምስማር በኩል እያየች። ከዚያ ትንሽ አሰበችና “ኮፒውን” አለች።

ዛሬ ሁለተኛ ቀኗ ነው። እናቴ ጠዋት ሉኩን ደብተር ይዛ መጣች። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ “ይቺን መሳሪያ በየት በኩል ነው የሚያበሯት?” አለችኝ። አበራሁላት። አንድ ዛላ ነቀነቀች፤ ከዚያ ለካች። እርሳሱን በሲባጎው ጎትታ፣ በዚያ በአራተኛ ክፍል ፊደሏ “የሥር” በሚለው ዓምድ 12 ብላ ጻፈች። “ስትመጣ ታየው” አለች።